ለሁለት እጆች የሚበቃ መስመር ስለ መጠየቅ

ለተከበሩ የደንበኞች አገልግሎት ዋና ኃላፊ
ሦስተኛ ፎቅ፣ ወንበር በሌለው መተላለፊያ መጨረሻ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ ማስታወቂያ ወረቀታችሁ ላይ እንደሚስቀው ቤተሰብ የተሟላ፣ ቀንዎም መቆራረጥ የማያውቀው ይሁን እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ የሠራሁ ጡረተኛ ነኝ። የሰው ስህተት ስፈልግ ያረጀሁ በመሆኔ መጠርጠር ልማዴ ሆኗል፤ «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» እያሉ ያሳደጉኝ ወላጆቼም ይጠየቁበታል። ስለዚህ ከዚህ በታች በጨዋነት የምዘረዝረው ጥርጣሬ እንጂ ክስ አለመሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ። ደግሞም ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ስለ ድርጅትዎ በየቤቱ የሚባለው እርስዎ ዘንድ ሳይደርስ ቀርቶ ይሆናል።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ መስማት የተሳናት ስትሆን ታናሽ እህቷም እንደዚሁ ናት። ታናሽየዋ የምትኖረው በአውቶቡስ አንድ ቀን ሙሉ በሚያስኬድ ከተማ ስለሆነ፣ ሁለቱ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በቪዲዮ፣ በእጃቸው ያወራሉ። ለእርስዎና ለእኔ ከኢንተርኔት የሚመጣልን ነገር ቶሎ ከደረሰ ይበቃናል። ባለቤቴ ግን የምትናገረው በምትልከው ምስል ነው፤ አፕሎድ የምትሉት ነገር ለእሷ አንደበቷ ነው።

አንደኛ፤ በመጀመሪያ የነበረን በስልክ ገመድ የሚመጣው ኢንተርኔት ነው። የእህትየዋ ምስል ጥርት ብሎ ይደርሰናል፣ የእኛ ግን ወደ እሷ የሚሄደው ተቆራርጦ ነው። ቢሮዎ መጥቼ የመላኪያው ፍጥነት ስንት እንደሆነ ብጠይቅ፣ መስኮት ሁለት ላይ ያለችው ትሁት ሠራተኛዎ «አባባ፣ ፍጥነት ያው ፍጥነት ነው እኮ» ብላ ፈገግ አለችልኝ። ሦስት ጊዜ ጠይቄ ሦስት ጊዜ ያንኑ ፈገግታ ስላገኘሁ፣ ቤቴ ገብቼ ራሴ ለካሁት። የመላኪያው ፍጥነት የመቀበያው አንድ አሥረኛ እንኳ አልሞላም። ቁጥሩ ወረቀታችሁ ላይ ያልታተመው ቦታ ጠቦ ነው ብዬ ለማመን ብዙ ጥሬአለሁ፤ በዚያው ወረቀት ላይ ግን ለሚስቀው ቤተሰብ ውሻ ሳይቀር ቦታ ተገኝቷል።

ሁለተኛ፤ ይህችው ሠራተኛዎ ሲም ካርድ የሚገባበትን ሽቦ አልባ ሳጥን መከረችን፣ ወሰድነው። ጠዋት ጠዋት ሸጋ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ከሥራና ከትምህርት ቤት ሲመለስ ግን አቅም ያንሰዋል። ባለሙያዎ መሰላሉን ተሸክሞ በመጣበት ቀን፣ ጥርስ የሐኪም ደጅ ሲደርስ ሕመሙ እንደሚጠፋው ሁሉ፣ ሳጥኑ ፈጽሞ ዳነ። ባለሙያው የለካው በራሳችሁ መለኪያ ገጽ ሲሆን፣ ውጤቱንም በኩራት አሳየኝ። ደራሲው የራሱን ጽሑፍ ራሱ አርሞ «አንድም ስህተት የለበትም» ሲል ሠላሳ አንድ ዓመት ስለሰማሁ አልተገረምኩም። የገረመኝ ሌላ ነው፤ አቤቱታ መቀበያ ስልካችሁ ላይ ወረፋ ይዤ በምጠብቅበት ጊዜ መስመሩ ይሻሻላል። አጋጣሚ ነው ብዬ አራት ቀን ሞከርኩት፣ አራቱንም ቀን ተሻሻለ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ስታወራ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የማቆያ ሙዚቃችሁን ሳዳምጥ እውላለሁ። ሙዚቃው ጥሩ ነው፤ አሁን በቃሌ ይዤዋለሁ።

ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ ከበድ ይለኛልና ይታገሡኝ። ምስላችን ሲንቀጠቀጥ፣ ሲዘገይና መሃል ላይ ቀጥ ሲል እህትየዋ የምታየው የባለቤቴ እጆች ሲንቀጠቀጡ፣ ሲዘገዩና ቀጥ ሲሉ ነው። ታመሻል አለቻት። መስመሩ ነው ብለን በጽሑፍ ብንልክላትም አላመነችም፤ በሽታውን የሚደብቅ ሰውም የሚለው ይህንኑ ነው። ባለቤቴ እጇ ደህና መሆኑን ልታሳያት በካሜራው ፊት ከሁሉም ቀጭኑን መርፌ አንስታ ክር አስገባች። በመጀመሪያ ሙከራ ገባላት። እህትየዋ ዘንድ የደረሰው ግን ክሩ ከመርፌው ቀዳዳ ጎን እንዳለ ቀጥ ብሎ የቀረ ምስል ነው። አለቀሰች። ለቅሶዋ ወደ እኛ ሲመጣ አንድም ጊዜ አልተቆራረጠም፤ ስለዚህ ጥራት ድርጅትዎን ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።

ባለፈው ሳምንት ከእህትየዋ ጎረቤት እንደሰማነው፣ እሷ ራሷ በመጪው ሐሙስ ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል። ለሁለት ወር በሆዷ ይዛው የቆየችው በሽተኛ እህቷን እንዳታስጨንቅ ብላ ነው። ባለቤቴ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ልትሄድ ብትል፣ እንዲህ ሆነሽ መንገድ አትችይም ብላ የሆስፒታሉን ስም ደበቀቻት፤ ጎረቤቷንም አስምላታለች። ባለቤቴ በዚህ ተናዳለች፣ እኔም ፈርቻለሁ። ሐሙስ ከመድረሱ በፊት እነዚያ እጆች አንድ ጊዜ ብቻ እንኳ ሳይቆራረጡ መታየት አለባቸው።

አራተኛ፤ ስለዚህ ከሦስቱ የኢንተርኔት ዓይነቶቻችሁ መርጠን ጨርሰናል፣ የምንፈልገው ፋይበሩን ነው። ገመዱ ከደጃችን ፊት ለፊት ካለው ምሰሶ ላይ ተጠቅልሎ ስምንት ወር ሆኖታል፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብን እንጂ ቅርቡስ ቅርብ ነው። ወረቀታችሁ በፋይበር የሚላከው ከሚመጣው እኩል ይፈጥናል ይላል። ከቁጥሩ በፊት ግን በጉንዳን እግር ልክ የተጻፈች «እስከ» የምትል ቃል አግኝቻለሁ፤ እስከ መቶ ሲባል ዜሮም በመንገድ ላይ ያለ ቁጥር ነው። ስለሆነም የመላኪያውን ፍጥነት፣ ከሰዓት በኋላ የሚኖረውን፣ ለብቻው በጽሑፍና በማኅተም እንዲያረጋግጡልኝ እለምናለሁ። በፈገግታ የተሰጠ መልስ ግን እንደማልቀበል በታላቅ ትህትና አሳስባለሁ።

የድርጅትዎን ቃል ከነሥርዓተ ነጥቡ የማነብ፣ የባለሙያዎን መሰላል ደጄ ላይ ለማየት የምናፍቅ፣ በወረፋም በትዕግሥትም የጸናሁ ታማኝ ደንበኛዎ ነኝ፤

የልብስ ሰፊዋ ባል

ግልባጭ፦ ለሰፈሩ ነዋሪዎች በሙሉ፣ በስፌት ቤቱ መስታወት ላይ

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ሳበቃ፣ ቀደም ሲል ላስገባነው ማመልከቻ የቢሮዎ መልስ ደረሰን። የፋይበር ጥያቄያችን ተፈቅዷል፤ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ነገር ግን ውሉ በባለቤቴ ስም ስለሆነ ሥራው የሚጀመረው እሷ ራሷ ደውላ በገዛ ድምጿ ስታረጋግጥ እንደሆነ፣ ባልም ሊወክላት እንደማይችል ይገልጻል። ባለቤቴ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብባ፣ ቁጥራችሁን ደውላ፣ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ስልኩን ይዛ ተቀምጣለች። እስካሁን የሰማችሁት ነገር ካለ እባክዎ ቶሎ ያሳውቁን፤ ሐሙስ ደርሷል።