ደጅ የቆምኩበት ደሴት

ቶሮንቶ፣ የካቲት 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

ውድ አበልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ብርዱ ተወልሽ ወይ? ወንድምሽ ጋሽ ሙሉነህስ፣ ዓይኑ ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ቶርንክሊፍ ፓርክ ከምኖርበት ፎቅ ላይ ሆኜ በረዶውን አያለሁ። ሕንፃው እንደ ንብ ቀፎ ሰው የታጨቀበት ነው፤ በግድግዳው ማዶ የጎረቤቴን ሳል እሰማለሁ፣ መልኩን ግን አላውቀውም። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ለአንድ ሰው ወጥ መሥራት አልሆነልኝም። አበዛዋለሁ፣ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ያንኑ እበላለሁ።

ባለፈው ወር ባሊ የምትባል ሞቃት ደሴት ደርሼ መጣሁ። አትሳቂ። ኖርዝ ዮርክ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ አብራኝ የምትሠራ ተሻለች የምትባል ጓደኛ አለችኝ። በገና ግብዣ ላይ ለሁለት ሰው የሚሆን የጉዞ ዕጣ ወጣላት። ጴንጤ ናት፤ ሎተሪ ኃጢአት ነው እያለች ስትሰብከኝ የኖረች ሴት፣ ያን ቀን «ሐዋርያትም ዕጣ ተጣጥለዋል» አለችና ትኬቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ባሏ ታክሲዬን ትቼ የትም አልሄድም ቢላት እኔን ይዛ ሄደች።

ባሕሩ ለብ ያለ ነው። ፈረንጆቹ ራቁታቸውን ለመሆን ትንሽ ሲቀራቸው አሸዋው ላይ ተዘርግተው ይውላሉ። ተሻለች «እንደ በርበሬ ተሰጥተዋል፤ ማታ የሚሰበስባቸው ይኖር ይሆን?» ብላ አሳቀችኝ። ከሳቅኩ ብዙ ጊዜዬ ነበርና የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ።

አንድ ቀን ሾፌር ይዘን ባሕር ዳር ወዳለ ቤተ መቅደስ ሄድን። በሩ ላይ ለሚገባው ሰው ሁሉ ቢጫ መቀነት ያስታጥቃሉ። አጠገቡ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰሌዳ ቆሟል። እንደምታውቂው የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ማንበብ የቻልኩት ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ እየፈታሁ ነው። ያንንም ቀስ ብዬ ፈታሁት። በወር አበባዋ ያለች ሴት አትግባ ይላል፤ ልክ እንደ እኛው። ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ በቤቱ ሐዘን ያለበት ሰው አይግባ ይላል። መቀነቱን ፈታሁና ለዘበኛው መለስኩለት።

ተሻለች ተቆጣች። «ባልሽ ከሞተ አራት ዓመቱ እኮ ነው! አንቺ ደግሞ ሐዘንን እንደ ፉልታይም ሥራ ያዝሽው» አለችኝ። ሾፌሩም በትሕትና፣ እነሱ ዘንድ ለሞተው ሰው ሥርዓቱ ከተፈጸመለት ሐዘኑ ያበቃል፣ መግባት ትችያለሽ አለኝ። ካልተፈጸመለትስ? ብዬ ጠየቅኩት። እንግዲያው አላበቃም አለኝ። ለባለቤቴ አርባውንም ሙት ዓመቱንም አውጥቻለሁ፤ ለእሱ ያስቀረሁበት የለም። ቢሆንም አልገባሁም። ተሻለች የጣዖት ቤት አልገባም ስትል የመጣችው፣ «ፎቶ ማንሳት ማምለክ አይደለም» ብላ ካሜራዋን ይዛ ገባች። እኔ ደጅ ቀረሁ። እዚህም ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የምቆመው ደጅ ነው።

በማግሥቱ ማለዳ ሾፌሩ ዓሣ አጥማጆች መንደር ወሰደን። ጀልባዎቻቸው ቀጫጭን ናቸው፤ በግራ በቀኝ እንደ ሸረሪት እግር የቀርከሃ ክንድ አላቸው። ሴቶቹ ዓሣውን በቅርጫት እየተቀበሉ ይጯጯኻሉ። አንዲት እናት ግን በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ይዛ ባሕር ባሕሩን ታያለች። የልጇ ጀልባ አልገባም። ሌሎቹ ያወራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ወደ እሷ ግን ዓይናቸውን አያዞሩም። አበልጄ፣ ቋንቋቸውን አላውቅም፤ ያን አለማየታቸውን ግን አወቅኩት። ሾፌሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የልጁ ሬሳ ትናንት ጎረቤት መንደር እንደተገኘ፣ ታላቅ ወንድሟ ከከተማ መጥቶ እስኪነግራት እየጠበቁ እንደሆነ ነገረኝ።

ወንድሟ መጣ። ገና አሸዋውን ሲረግጥ አወቀች። መጀመሪያ አላለቀሰችም። ወደ ሴቶቹ ዞራ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሾፌሩ ሳልጠይቀው ተረጎመልኝ። «ታውቁ ነበር። እያወቃችሁ ስንቁን አስቋጠራችሁኝ» ነው ያለችው። ከዚያ በኋላ ጩኸቷን ለመስማት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም።

አምና ለክርስትና ልጄ ለሰላሙ ብለሽ የላክሽው ጋቢ ደርሶኛል። ፈትሉ የእጅሽ መሆኑን አይቼ አውቄዋለሁ። አደራ ብለሽ ሰጥተሽን በሱዳን በኩል አብሮን ከወጣ ጀምሮ፣ በየደብዳቤሽ «ምነው አንድ መስመር እንኳ አይጽፍልኝ? ፈረንጅ አግብቶ ረሳኝ ወይ?» ትያለሽ። እኔም ደኅና ነው፣ ሩቅ ከተማ ነው የሚሠራው እያልኩ ስመልስልሽ ኖሬአለሁ። ባለቤቴ «ይህ በደብዳቤ አይሆንም፤ አገር ይረጋጋና ራሳችን እንሄዳለን» ይል ነበር። ደርግ ወደቀ። እሱም ሞተ። እኔ ብቻዬን ይዤው ቀረሁ።

ትኬት ቆርጫለሁ። የመጋቢት መድኃኔዓለም ዕለት ማለዳ ቤትሽ እደርሳለሁ። ለጋሽ ሙሉነህ ለብቻው ጽፌለታለሁ፤ ዋዜማውን አንቺ ዘንድ ያድራል። ጎረቤቶችሽ በማለዳ ቢመጡ አትደነቂ። ለእኔ ብለሽ ምንም አታሰናጂ። ከዚያ በኋላ የምትይኝን ሁሉ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

እስከዚያው እመብርሃን ጉልበትሽንም ልብሽንም ታጽናልሽ። ማንን ይዘሽ ትመጫለሽ ብለሽ መንገድ መንገዱን እንዳታዪ፤ ብቻዬን ነው የምመጣው።

አበልጅሽ