የሾፌር ኬልበርት ቅጣት እንዲራዘምልን ስለ መጠየቅ

ለክቡር አቶ ሂውበርት ፕሮስፐር
የመርከብ ቀን ትራንስፖርት አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ፖርት ሲሞን፣ ሴንት ኦዲል ደሴት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ መስኮት ላይ ቀኑን ሙሉ ለእርስዎ ሲደክም ለሚውለው የአየር ማቀዝቀዣ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ ክላሪታ ባፕቲስት እባላለሁ፤ በግራን ፎን መንደር ፖስታ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ደብዳቤ ላይ ማኅተም ስመታ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ለባለሥልጣን የተጻፈ ደብዳቤ ስንት ወር ሳይከፈት እንደሚቀመጥ ከሥራዬ ስለማውቅ፣ ይህኛውን በጋዜጣ ያወጣሁት ክቡርነትዎን ፖስታ ከመቅደድ ድካም ለማሳረፍ ብቻ መሆኑን እንዲረዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

የምጽፈው አንድ ሰው እንዲቀጣልኝ ነው። እርስዎ እንኳ ቀድመውኝ ቀጥተውታል፤ እኔ የምለምነው ቅጣቱ እንዳይነሣ ነው። ነገሩን ከሥሩ ሳላስረዳ ብለምን ግን ምስጋናዬ ጎደሎ ስለሚሆን፣ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በየፌርማታው ስላስለጠፉት ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። የጎብኚዎች መርከብ ወደባችን ላይ በሚቆምበት ረቡዕ ሁሉ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት፣ በጎብኚ ማመላለሻ መዝገብ ላይ ያለ ሚኒባስ በሙሉ ብርቱካንማ የእጅ ማሰሪያ ያደረገ ጎብኚ ብቻ እንዲጭን፣ "ነዋሪዎችም በትዕግሥት እንዲተባበሩ" ይላል። በደሴታችን በመዝገቡ ላይ ያልገባ ሚኒባስ አለመኖሩን ማስታወቂያው አይናገርም፤ ይህም ከትሕትናዎ የተነሣ ይመስለኛል። ሾፌሮቹም ወረፋ እንዳያመልጣቸው ከዋዜማው ጀምሮ ወደብ ላይ ስለሚያድሩ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተን እንሂድ ብንል እንኳ የሚጭነን የለም።

ሁለተኛ፣ ስለ ጎረቤቴ ስለ ኢግናስ ቪርጂል አመሰግናለሁ። መንደሩ ሁሉ ቶንቶን፣ አጎቴ እንደ ማለት ነው፣ እያለ የሚጠራቸው ሰባ አራት ዓመት የሞላቸው አገዳ ቆራጭ ናቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው፣ የደጃቸውን የዳቦ ፍሬ ዛፍ እየዳሰሱ ነበር ከቤት የሚወጡት። የዓይን ሐኪም ከጎረቤት ደሴት ወደ ፖርት ሲሞን ሆስፒታል የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው። አምና ተራቸው ደርሶ ነበር፤ ቀኑ የመርከብ ቀን ሆነና ፌርማታው ላይ በትዕግሥት ሲተባበሩ ውለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ዘንድሮም ተራቸው በሐኪሙ የመጨረሻ ቀን፣ ረቡዕ ላይ ዋለ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ያልደረሰ ስሙ ተሰርዞ ለከርሞ ይዛወራል። በመንደራችን ያለችው አንዲት የግል መኪና የአባ ማርሴል ናት፤ እሷም ከፋሲካ ወዲህ ጎማዋን አውልቃ በድንጋይ ላይ ቆማለች።

እንግዲህ በዚያ ረቡዕ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የመንደራችን ልጅ ኬልበርት ሞዚስ ጎብኚዎችን ጭኖ መጣ፤ እነሱ ፏፏቴውን ሊያዩ ሲወርዱ እሱ መኪናው ውስጥ ቀረ። አሥራ አራት ሰው ሊጭን ሲገባው ሁለቱን ባሕር አናውጧቸው ከመርከባቸው ስላልወረዱ፣ ሁለት ወንበር ባዶ ነበር። ቶንቶንን በክንዳቸው ይዤ ወደ መስኮቱ ቀረብሁ።

"ማዳም ክላሪታ፣ እምቢ ያልኩዎት እኔ አይደለሁም" አለኝ ኬልበርት ገና አፌን ሳልከፍት። "ድልድዩ ላይ ተቆጣጣሪ ቆሟል። ማሰሪያ የሌለው ሰው ካገኘ የሚያወርደው እናንተን አይደለም፣ እኔን ነው።"

"የማሰሪያውን ነገር ለእኔ ተወው" አልኩት።

ቤቴ ገብቼ የገና ኬክ ታስሮ የመጣበትን ብርቱካንማ ጥብጣብ ለሁለት ቆረጥሁት። ለቶንቶን ደግሞ ልጃቸው ከቶሮንቶ የላከላቸውንና አንድ ቀን እንኳ ለብሰውት የማያውቁትን፣ በቀቀኖች የተሳሉበትን ሸሚዝ ከሣጥን አወጣሁላቸው። በእጃቸው ዳሰሱትና "ይሄ ወፎቹ ያሉበት ነው አይደል?" አሉ። "ይሄንን ለብሼ ሰው ከሚያየኝ ብታወር ይሻለኛል።"

"ታውረዋል እኮ ቶንቶን" አልኳቸው። ለበሱት።

ሦስተኛ፣ ድልድዩ ላይ ስላቆሙት ትሑት ተቆጣጣሪ አመሰግናለሁ። በሩን ከፍቶ እጅ እያየ መጣና፣ የእኛ ወንበር ጋ ሲደርስ ጥብጣቡን ትንሽ አተኩሮ አየው። ከዚያ እንደ ተማረው ፈገግ ብሎ ቶንቶንን "ከየት ነው የመጡልን ጌታዬ?" ሲል ጠየቃቸው።

"ከሰሜን" አሉ ቶንቶን። መንደራችን በደሴቱ ሰሜን እንደሆነ ክቡርነትዎ ያውቃሉ።

"ከካናዳ ነዋ! ብርዱ እንዴት ነው?"

"ጠዋት ጠዋት ትንሽ ጉልበት ይይዛል።"

"ደሴታችንን እንዴት አገኟት?"

"በጣም ቆንጆ ናት ይላሉ" አሉ ቶንቶን ረጋ ብለው። "እኔ ገና አላየኋትም።"

ተቆጣጣሪው መልካም ቆይታ ተመኝቶልን በሩን ዘጋ። ተወልጄ ባደግሁበት ምድር መልካም ቆይታ የተመኘልኝ የመንግሥት ሠራተኛ እሱ የመጀመሪያው ስለሆነ፣ የደረጃ ዕድገት እንዲታሰብለት አሳስባለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ጉብኝቱ ዝርዝር አመሰግናለሁ። ከድልድዩ ቀጥሎ ረም የሚባለው የአገዳ አረቄ መጥመቂያ አለ፤ እዚያ አርባ ደቂቃ መቆም በመመሪያዎ ግዴታ ነው። እኔ ሰዓቴን ደጋግሜ ሳይ፣ አስጎብኚዋ ከበርሜል በርሜል እያዞረች አገዳ እንዴት እንደሚቆረጥ ለቶንቶን አስረዳቻቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ለዚያው መጥመቂያ አገዳ የቆረጡት ሰው በትዕግሥት ሰሟት፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ "ልጄ፣ ከሥሩ ነው እንጂ ከወገቡ አይቆረጥም" ብለው አረሟት። በመጨረሻ ለሁሉም በትንንሽ ብርጭቆ ሲታደል፣ ቶንቶን ለሕክምናው ጾመው ስለነበር ብርጭቆውን አሽትተው መለሱት።

"ዕድሜዬን ሁሉ ስሠራበት አንድ ጉንጭ አልሰጡኝም" አሉኝ በጆሮዬ። "ዛሬ በነፃ ሲሰጡኝ ሐኪም ከለከለኝ።"

ይህን የሰማች ሌላ ሰው ነበረች። መኪናው ውስጥ ከአጠገባችን የተቀመጠች ቪልሄልሚና የምትባል ረጅም ሆላንዳዊት ናት፤ በአገሯ የአውቶቡስ መነሻና መድረሻ ሰዓት ስታወጣ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት። ወደ መኪናው ስንመለስ ከኬልበርት ኋላ ተቀመጠችና እንዲህ ስትል ጠየቀችው፦

"ይቅርታ፣ እኛ ይህን አውቶቡስ ይዘነው ስንውል የእናንተ ሰዎች በምን ይሄዳሉ?"

ኬልበርት በመስተዋቱ እኔን አየኝ።

"በትዕግሥት" አልኩ እኔ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ዞራ እጄን አየችና "የእርስዎ ማሰሪያ የእኛን አይመስልም" አለች።

"የኬክ ነው።"

ከዚያ በኋላ መዋሸቱ አስጠላኝ፤ የቶንቶንን ዓይን፣ የአምናውን ፌርማታ፣ የስድስት ሰዓቱን ቀጠሮ ሁሉ ነገርኳቸው። ከፊታችን፣ ቢሮዎ በመደበው መሠረት፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚዋኙበት ባሕር ዳርቻ ነበር። ቪልሄልሚና ተነሥታ ቆመችና ባሕሩን ትተን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል እንሂድ የሚል እጁን ያንሣ አለች። አሥራ አንድ እጅ ተነሣ። አሥራ ሁለተኛው ሰውዬ "እኔ እኮ የዋና ልብሴን ከውስጥ ለብሼ ነው የመጣሁት" ቢል ሚስቱ "ሱሪህን እስካላወለቅህ ድረስ ማን ያይብሃል?" አለችው፤ እሱም እጁን እስከ ትከሻው አነሣ። ቶንቶንም አንሥተው ነበር፤ ቪልሄልሚና "እርስዎ ጎብኚ አይደሉም፣ ድምፅ የለዎትም" ስትላቸው መኪናው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ የቢሮዎን መመሪያ ከዚህ አሳጥሮ የተናገረ ሰው ስላላጋጠመኝ ነው።

ኬልበርት ያን ጠመዝማዛ መንገድ እንዴት እንደነዳው አልናገርም፤ ሌላ መሥሪያ ቤት ሊያነበው ይችላል። ለስድስት ሰዓት አሥር ጉዳይ ደረስን። ነርሷ መዝገቧን ልትዘጋ እስክርቢቶዋን ከድናለች። ቀና ስትል በቀቀን የለበሱ ሽማግሌ፣ ከኋላቸውም ባርኔጣ የደፉና ካሜራ ያንጠለጠሉ አሥራ ሁለት ነጮች በኮሪደሩ ሲመጡ አየች።

"እነዚህ ሁሉ ቤተሰብ ናቸው?" አለች።

"በእናቴ በኩል" አሉ ቶንቶን።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዴን ለአንድ አንቀጽ አቆማለሁ። በማግስቱ ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ያደረገበት የቀኝ ዓይን ፋሻ ሲነሣ አጠገባቸው ነበርሁ። መጀመሪያ እጆቻቸውን ወደ ፊታቸው አቅርበው አዩ፤ የአገዳ ቢላዋ የተወባቸውን ጠባሳ አንድ በአንድ፣ እንደ ጠፋ ዘመድ፣ አገላብጠው አዩት። ቀጥሎ እኔን አዩኝና "ክላሪታ፣ አርጅተሻል" አሉ። እኔም "መስተዋት ሲያገኙ እንነጋገራለን" ብዬ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ የቢሮዎ ጉዳይ አይደለም።

አምስተኛ፣ አሁን ወደ ዋናው ምስጋናዬ ደረስሁ። ቪልሄልሚና መርከቧ ላይ በሚታደለው የአስተያየት ቅጽ "ከጉዞዬ ሁሉ የማልረሳው የሴንት ኦዲልን ሆስፒታል ነው፤ ለሾፌራችን ምስጋና ይድረሰው" ብላ ጻፈች። ቅጹ እርስዎ ዘንድ ደረሰ። በአሥር ቀን ውስጥ ኬልበርት፣ "ከተፈቀደ መስመር በመውጣትና ጎብኚዎችን ላልታቀደ እውነታ በማጋለጥ" የሚል ደብዳቤ ተሰጥቶት፣ ስሙ እስከ መርከብ ወቅቱ መጨረሻ ከጎብኚ ማመላለሻ መዝገብ ተሰረዘ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ደብዳቤ በእጄ አልፏል፤ "ላልታቀደ እውነታ" የሚል ግን አይቼ አላውቅም። ጸሐፊዎ ባለ ተሰጥኦ ነው።

ኬልበርት ያንን ወረቀት ይዞ በረንዳዬ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል። "ማዳም፣ አለቀልኝ" አለኝ። "መኪናዋን ልሸጣት ነው።" እኔ ያመጣሁበት ጣጣ ስለሆነ ወረቀቱን ተቀብዬ አንዴ አነበብሁት፣ ደገምሁት። በሦስተኛው መነጽሬን አወለቅሁ።

"ኬልበርት፣ ይሄ ወረቀት ጎብኚ አትጫን ነው የሚለው።"

"አዎ።"

"ጎብኚ ብቻ ጫን የሚለው ትእዛዝ ደግሞ መዝገቡ ላይ ላለ መኪና ነው።"

"አዎ።"

"አንተ መዝገቡ ላይ የለህም። እኛን አትጫን የሚለው የቱ ጋ ነው?"

ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ራሱ አነበበው፤ ገልብጦ ጀርባውንም አየው። ጀርባው ባዶ ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ከዚያ ወዲህ አራት የመርከብ ረቡዕ አልፏል። በአራቱም በደሴቱ ላይ ነዋሪ ለመጫን በሕግ የተፈቀደለት ብቸኛው ሚኒባስ የኬልበርት ነው፤ ይህንን ሥልጣን በፊርማዎ የሰጡት እርስዎ ነዎት። ነፍሰ ጡር ክትትሏን፣ ገበሬ ሙዙን፣ ዳኛ የሚጠብቀው ችሎቱን ሳያሳልፍ ይደርሳል። ቶንቶንም ለግራ ዓይናቸው ለከርሞ ቀጠሮ ይዘዋል። ተቆጣጣሪው ድልድዩ ላይ በሩን ይከፍትና ብርቱካንማ ማሰሪያ ያደረገ መኖር አለመኖሩን በጥንቃቄ ይመረምራል፤ ሲያጣ ያሳልፈናል። ኬልበርት መኪናዋን ስለ መሸጥ ማውራት ትቷል፤ ቅዳሜ ዕለት ቀለም ሲቀባት አይቼዋለሁ።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ወቅቱ ሲያልቅ ርኅራኄ አሸንፎዎት ኬልበርትን ይቅር እንዳይሉብን፣ የሚቻል ከሆነም ቅጣቱን የዕድሜ ልክ እንዲያደርጉልን። በተጨማሪ በምሥራቁና በደቡቡ መስመር የሚሠሩ ሦስት ሾፌሮች ቤቴ ድረስ መጥተው "ማዳም፣ ሆስፒታል ብቻ ነው የሚያስቀጣው ወይስ ጎብኚ ትምህርት ቤት ብናደርስም ይሆናል?" እያሉ ስለ ጠየቁኝ፣ ለእነሱም ተመጣጣኝ ቅጣት ቢያዘጋጁላቸው የሌላውም መንደር ሕዝብ ይመርቅዎታል።

ከመስመር መውጣት የሚያስከትለውን መዘዝ በጽሑፍ ላስተማሩን፣ ሳያስቡት ለረዱንና ሳያውቁት ለደረሱልን ለክቡርነትዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽሁ፣ በትሕትና ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ክላሪታ ባፕቲስት
ጡረተኛ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ ግራን ፎን

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ባለፈው ረቡዕ በኬልበርት መኪና ከፊት ወንበር ተቀምጠው ገበያ የሄዱት የፕላቶ መንደሯ ማዳም ፕሮስፐር፣ ወላጅ እናትዎ ነበሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በመርከብ ቀን ከተማ መውረድ አቅቷቸው እንደነበር ነገሩኝ። ለምን ለልጅዎ አልነገሩትም ብላቸው፣ "እሱ ሳያውቅ ነው እንጂ አውቆማ አያደርገውም፤ እንዳላሳፍረው ብዬ ነው። አንቺ ጽሑፍ ታውቂያለሽ፣ በደህና ቃል አድርገሽ ጻፊለት" አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ደህና ቃል ስላላገኘሁ ይቅርታ ይጠይቁልኝ።