በድምፅ ማጉያ የከለከልከው ለቅሶ

አባ ሲፈን፣

ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም በሚለው በሀገርህ ልማድ የልጃችን አባት እያልኩ ስጠራህ ኖርኩ፤ ዛሬም አልለውጠውም። ልብህ ድንገት ከድቶህ ከተለየኸን ዓመት ሊሞላህ ነው። እኛ ደህና ነን። የጓሮው አጥር ወድቆ በቆርቆሮ አሳጠርኩት፤ አንተ ብትኖር ነገ ነገ እያልክ ክረምቱን ታሳልፍብኝ ነበር። ሲፈን ስምንተኛ ክፍል ገብታለች። ድምፅዋ ያንተው የአደባባዩ ድምፅ ነው፣ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ምን ላድርጋት፣ የማን ልጅ ሆና!

ሰሞኑን ስለ ልጆች ክትባት በመኪና እየዞሩ ሲለፍፉ ሰምቼ አንተን አስታወስኩ። ቤት ውስጥ ጨው አቀብይኝ ለማለት የምታፍር ሰው፣ የከተማው ኮሙኒኬሽን ሠራተኛ ሆነህ ድምፅ ማጉያ ስትይዝ ሌላ ሰው ትሆን ነበር። ኮሮና የገባ ሰሞን የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይልሃል? ሰው ገበያ ሳይወጣ ልድረስበት ብለህ ጎህ ሲቀድ ወጣህ። ወይ አንተ! እዚህ ነቀምቴ በዚያ ሰዓት የሚጮኸው ሞት የሚያረዳው የዕድር ለፋፊ ብቻ መሆኑን እንዴት ዘነጋኸው? ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ጋቢውን ደርቦ፣ ማን ሞተ እያለ ከበበህ። አትሰብሰቡ ልትል ሄደህ ሰፈሩን ሰብስበህ አረፍከው።

በማግስቱ ግን ዘዴ አበጀህ። አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ፣ ማንም አልሞተም ብለህ ስትጀምር ሰው እየሳቀ በየበሩ ቆሞ አዳመጠህ። ከላይ የወረደውን ደረቅ መግለጫ በኦሮምኛ ፈታ አድርገህ፣ በአማርኛ ደግመህ፣ ለባለሱቁም ለአሮጊቷም በሚገባቸው ቋንቋ ታስረዳ ነበር። የማታውቀውን ሲጠይቁህ አላውቅም፣ ጠይቄ እነግራችኋለሁ ትላለህ፤ ተመልሰህም ትነግራቸዋለህ። ይሄን ነበር የምወድልህ። በመንግሥት ወንበር ተቀምጦ አላውቅም የሚል ሰው እኔ ካንተ በቀር አላየሁም።

ከዚያ አዮ ታመሙ። እናትህን እኔም ከእናቴ ለይቼ አላያቸውም ነበር። ኮሮና መሆኑ በተነገረን በሳምንቱ አረፉ። ያን ጊዜ ሰው እንዲህ ያለውን ሞት ይደብቅ ነበር፤ ስኳር ነው፣ ደም ብዛት ነው ብሎ ድንኳን ይጥላል። የትውልድ መንደርህ የጉቴ ዘመዶችህም እንደዚያው አድርግ ብለው ለመኑህ፤ ከሁሉ በላይ አጎትህ፣ የአዮ ወንድም። የስንቱን ለቅሶ የደረሱ ሰው እንደ ባይተዋር ይቀበሩ? አሉህ። እኔም ልቤ ከእሳቸው ጋር ነበር። አንተ ግን በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም አልክና ድምፅ ማጉያህን አንስተህ ወጣህ።

በር ላይ ሆኜ ሰማሁህ። እናቴ ሞታብኛለች፣ የገደላት ኮሮና ነው፣ የምትወዷት ከሆነ አትምጡ፣ በየቤታችሁ አልቅሱላት አልክ። ድምፅህ ተቆረጠ። እንደገና ጀምረህ ጨረስከው። እግዚኦ፣ እንዴት ቻልከው! ኮራሁብህም፣ ተናደድኩብህም። አስከሬናቸው ሲያልፍ ሰው በየበሩ ቆሞ አለቀሰ፤ የተከተለ ግን አልነበረም። አመኑህ። ከዚያ ወዲያ ትኩሳት የያዘው ሁሉ ሳይደበቅ ይነግርህ ጀመር።

አጎትህ ግን ለእናቱ ለቅሶ የነፈገ ብለው ቤታችንን አልረገጡም። እስክትሞት ሰላምታህን አልመለሱም። አንተም አንድ ቀን አላማህም፤ በየበዓሉ ሰው ትልክባቸው ነበር። ሳትታረቁ መሄድህ አንጀቴን ሲበላው ከረመ።

እና ይሄን ልንገርህ። ባንተ ለቅሶ አጎትህ የጉቴን ሰው አስከትለው መጡ። የለቅሶው ቀን አልቆ የዕድር ሰዎች ድንኳኑን ሊያነሱ ሲሉ አጎትህ ካስማውን ይዘው ከለከሉ። ይሄ ልጅ እውነቱን ባይናገር መንደራችን ያልቅ ነበር፣ ይህን እያወቅሁ ስዘጋው ኖርኩ፣ ይቅርታ ለማለት አፌ እምቢ ብሎኝ ነው ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ከዚያ አሁን ደግሞ ለእህቴ እንቀመጥ አሉ።

ተቀመጥንላቸው። በወጉ፣ ጎን ለጎን ተጠጋግተን፣ የአዮን ደግነት እያወራን አለቀስን። እኔ በሕይወት እያለሁ አንተ አትረሳም፤ ሲፈንም አባቷ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር አውቃ ታድጋለች። እናትህ ተለቅሶላቸዋል፣ የኔ ጌታ። አሁን አርፈህ ተኛ።