የትራፒዚየም ትርጉም

ሰኞ፣ ኅዳር 18 ቀን 1971 ዓ.ም.

ዛሬ ትራፒዚየም ሳስተምር ከአፌ አንድ ነገር አመለጠኝ። ቃሉ ከግሪክ ወደ ላቲን የገባ፣ ትርጉሙም ትንሽ ጠረጴዛ መሆኑን ነገርኋቸው። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። የመሪጌታ ልጅ ነኝና አላስቻለኝም፤ ግሪኮች የቤተ ክርስቲያኑን መንበርም ጠረጴዛ እንደሚሉት ጨመርሁ። ትምህርታችንን እንዲከታተል የተመደበው ካድሬ ኋላ ተቀምጦ ይጽፍ ነበር።

ሲደወል ወደ እኔ መጣ።

«ጓድ መምህር፣ ይህ የመንበሩ ነገር የትኛው መጽሐፍ ላይ ነው ያለው?»

«አባቴ ናቸው የነገሩኝ። ኢየሩሳሌም ሳሉ ከግሪክ መነኮሳት ሰምተው ነው» አልሁ።

«አሁን የት ናቸው?»

«ዘጌ።»

እሱንም ጻፈው።

ቤቴ ገብቼ ምሳዬን መብላት አቃተኝ። ካድሬው ስማቸውን አልጠየቀኝም። ዘጌ ላይ ኢየሩሳሌም ደርሰው የተመለሱ መሪጌታ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።