አንተ «የለም» ያልከው

ሆሳዕና
መጋቢት 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለመምህር አሳምነው፣
ፓዌ ሰፈራ ትምህርት ቤት

ውድ አሳምነው፣

«እኛ ደህና ነን» ብዬ ልጀምርልህ አልቻልኩም። ልጃችን ሽብሩ ያለ ጊዜው ከተወለደ ሦስተኛ ወሩን ቢይዝም እስከ ዛሬ ኦክስጅኑ ሲነቀልለት ከንፈሩ ይጠቁራል። ደረቱ እንደ ወናፍ ነው የሚሠራው።

ባለፈው ማክሰኞ እናትህ ከጃጁራ መጡ። ልጁን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አዳመጡ።

«ይህን ትንፋሽ አውቀዋለሁ። ስሙን ማን አላችሁት?»

ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ሦስት ሕፃናት በዚሁ ትንፋሽ እንደሞቱባቸው፣ የመጨረሻው አንተ በስምንት ዓመትህ አዝለህ ታባብለው የነበረው እንደሆነ፣ እሱም ሽብሩ ይባል እንደነበር ያኔ ሰማሁ። ስሙን ያወጣኸው አንተ ነህ። አልረሳኸውም ማለት ነው።

ሺንሺቾ ሳለን የመጀመሪያ ልጃችን ትንፋሽ አጥሯት ስትሞት ምን አልከኝ? እርጉዝ ሆኜ ሙዱላ ገበያ በእግሬ ስለሄድኩ «መንገዱ ነው የገደላት» አልክ። ሁለት ዓመት ሙሉ እግሬን ስረግም ኖርኩ። ለእናትህ እንኳ «ታማ ሞተች» ከማለት በቀር አልነገርካቸውም። ከድተኸኛል፣ አሳምነው።

እዚህ ሆስፒታል የሽብሩን ካርድ ስናወጣ ነርሷ «በዘመድ በትንፋሽ የሞተ ሕፃን አለ?» ብላ ስትጠይቅ፣ አጠገቤ ቆመህ «የለም» አልክ። እኔም ልጄን መንገዱ ገደላት ብዬ ስላመንኩ አላነሳኋትም። ሐኪሙ ያለ ጊዜው የተወለደ ሁሉ ሳንባው እንዲህ ደክሞ አይቀርም፣ በዘር የሚመጣም አለ፣ ቀድሜ ባውቅ ያኔውኑ አዲስ አበባ እልከው ነበር አለኝ። አሁን ወደዚያ መላኪያ ጽፎልናል፤ ሐሙስ እንሄዳለን። ይድረስ አይድረስ ጌታ ያውቃል።

ለምን እንደደበቅክ ይገባኛል። ሽማግሌ ስትልክ አባቴ ዘራችሁን ሲያስቆጥር «በቤታችን ደዌ የለም» ብላችኋል። ሞኝ ነህ። ብትነግረኝም አገባህ ነበር፤ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ሦስቱ በስንት ወራቸው እንደተወለዱ ሐኪሙ ይፈልጋል፤ እናትህ እያለቀሱ ይምታታባቸዋል። የምታስታውሰውን ለእሱ ጻፍለት። ለእኔ አትጻፍ።

የወባ ክኒን ደብዳቤውን በሚያደርስልህ ሰው እጅ ልኬልሃለሁ፤ መራራ ነው ብለህ እንዳትተወው። ጌታ ከዚያ በረሃ በጤና ያውጣህ።

ዛሬ ነርሷ ለመንገዱ አዲስ ወረቀት ስትሞላልኝ ያንኑ ጠየቀችኝ።

«በዘመድ በትንፋሽ የሞተ ሕፃን አለ?»

«አለ። ከእህቱ ጋር አራት» አልኩ።

«አባትየውስ አለ?»

«የለም» አልኳት።

የሽብሩ እናት
ገነቴ