ስንት ልጅ ወልደዋል?

አዲስ አበባ፣ የካቲት 2006 ዓ.ም.

ውድ እናቴ፣

እኔ ደህና ነኝ። አንቺም፣ አባዬም፣ ሳሌምም፣ በጎቹም ደህና እንደሆናችሁ አምናለሁ። ሰላምታውን ያሳጠርኩት ጉዳዩ ስለሚረዝም ነው። ይህን ደብዳቤ ሳሌም እንድታነብልሽ አልፈልግም። በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርሽ ሴት ነሽ፤ መነጽርሽን አድርጊና ቀስ እያልሽ ራስሽ አንብቢው። ፊደሉንም ለዚሁ ብዬ ነው ተለቅ ተለቅ ያደረግሁት።

ለገና መጥቼ ስመለስ፣ ራቤል ላይ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል በመስኮቱ በኩል "ጥናትሽን ሌላ አድርጊው" አልሽኝ። መልስ ሳልሰጥሽ መኪናው ተንቀሳቀሰ። መልሱ አሁን አለኝ።

በመጀመሪያ ምን እየሠራሁ እንደሆነ በደንብ ላስረዳሽ፤ እዚያ ሳለሁ ማንም አልገባውም። ጋሼ ወሰኔ ዶክተር ልትሆን ነው ሲባሉ ወገባቸውን ሊያሳዩኝ ሸሚዛቸውን ገልጠው ጠበቁኝ። አባዬ ደግሞ "የሌላው ልጅ ተምሮ መልስ ይዞ ይመጣል፣ የእኛዋ ጥያቄ ይዛ መጣች" ብለው ቤቱን አሳቁት። አልተሳሳቱም። ማዕረጉ የሚሰጠኝ አንድ ጥያቄ በደንብ ጠይቄ መልሱን በደንብ ከጻፍኩ ነው። እስካሁን አልጀመርኩትም። ምን እንደምጠይቅና ማንን እንደምጠይቅ ጽፌ መምህራን ፊት አቀርባለሁ፤ እነሱ ሲፈቅዱ ነው የሚጀመረው። የማቀርበው በመጋቢት ነው። ጥያቄዬ በግሼና በመንዝ ጨቅላ ሕፃናት ለምን ይሞታሉ የሚል ነው።

መጠይቁን ልሞክረው ብዬ መጀመሪያ ያስቀመጥኩት አንቺን ነበር። እንደ ደንቡ "ስምዎ አይጻፍም፣ ካልፈለጉም መተው ይችላሉ" እያልኩ ሳነብልሽ "ምነው ደግሞ አንቱ አልሽኝ?" ብለሽ ሳቅሽ። ስንት ልጅ ወልደዋል ስልሽ፣ አራት አልሽ። እኔ፣ ማዕረግ፣ ስንታየሁ፣ ሳሌም። አራት ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ እትዬ ጥሩሸዋን እዚያው ቤታችን አስቀምጬ ጠየቅኋቸው። ሦስት አሉ። አንቺ ከጓዳ ሆነሽ "ያቺ የክረምቷስ?" አልሻቸው። እትዬ ጥሩሸዋ ቆጣ አሉ።

"እሷማ ክርስትና ሳትነሳ የሄደች፣ ምኗ ይቆጠራል? አንቺስ የራስሽን መች ቆጠርሽ?"

ዞሬ አየሁሽ። "ስም ያልወጣለት ምን ተብሎ ይቆጠራል" አልሽና በጎቹን ላስገባ ብለሽ ወጣሽ። በጎቹ የሚገቡበት ሰዓት ገና ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ገብሱ አወራን፣ ስለ ሳሌም ትምህርት አወራን፣ ስለዚህ ግን አንድ ቃል አልተነፈስንም። እኔም አልጠየቅኩሽም፤ ፈራሁ።

አማካሪዬ ዶክተር አትናቴዎስም እንደ አንቺው ርዕስሽን ቀይሪ ይሉኛል፤ ምክንያታቸው ግን ሌላ ነው። "እናቶቹ ያልቆጠሯቸውን አንቺ በምን ትቆጥሪያቸዋለሽ?" ነው የሚሉት። ካርድ ላይ የሚገኝ ነገር፣ ደም ግፊት ወይ ስኳር አጥኚና በጊዜ ተገላገይ ይሉኛል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለእኔው አስበው ነው። አንቺም እሳቸውም አንድ ነገር ስትሉኝ ልቤ ከዳኝና ስለ ደም ግፊት ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ከዚያ በላይ እጄ አልሄድ አለኝ።

ለምን እንዳልሄደልኝ ልንገርሽ። ጤና ጣቢያ አዋላጅ ሆኜ በምሠራበት ጊዜ አንዲት ሴት ምጥ ይዟት መጣች። ስንተኛሽ ነው ስንላት የመጀመሪያዬ አለች። እንደ መጀመሪያ ወላድ ታግሰን ጠበቅናት። ሕፃኑ ታፍኖ ሞተ። አማቷ ናቸው በኋላ "ሦስተኛዋ ነው፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሆኑባት" ያሉን። ቀድመን ብናውቅ በጊዜ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል እንልካት ነበር። ሴትየዋ አልዋሸችም፤ ለእሷ ልጅ ማለት ክርስትና የተነሳ፣ ስም ያለው ነው። ባሏ ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልሎ ይዞት ሄደ። ለቅሶ የደረሳቸው ሰው አልነበረም። ከሳምንት በኋላ ገበያ ላይ ሽንኩርት ስትገዛ አየኋት፤ ጡቷ እየፈሰሰ ቀሚሷን አርሶት ነበር። ሰላም ብላኝ አለፈች። ጥያቄው ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር አለ።

ስለዚህ እማዬ፣ ርዕሴን አልቀይርም። አንቺን ላስከፋ ብዬ አይደለም። የምቀይረው አጠያየቄን ነው። ስንት ልጅ ወልደዋል ብዬ አልጀምርም። ስንት ጊዜ አረገዙ ብዬ እጀምርና እያንዳንዱ እርግዝና ምን ላይ እንደደረሰ ቀስ ብዬ እጠይቃለሁ። ይህንኑ ለዶክተር አትናቴዎስ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው፣ መጋቢት ላይ መምህራኑን ካላሳመንሽ ዓመትሽ ይባክናል አሉኝ። ይባክን አልኩ፤ በልቤ ግን ፈርቻለሁ።

አንቺ በጥናቱ ውስጥ የለሽበትም። ያን ቀን የሞላሁትን ወረቀት ቀድጄዋለሁ፤ ወደ እናንተ ቤትም መረጃ ሰብሳቢ አይመጣም። ሰኔ ላይ ስመጣ ባዶ እጄን ነው፣ ማለቴ ወረቀት አልይዝም፤ ስኳሩንና ቡናውን አልረሳም። ማውራት ካልፈለግሽ አናወራም። ከፈለግሽ ግን ወንድ ይሁን ሴት፣ የት እንደተቀበረ፣ ከማናችን በፊት እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኛል። አንቺ ያን ጊዜ ምናልባት እኔ አሁን ካለሁበት ዕድሜ ታንሺ ነበር፤ አይዞሽ የሚልሽም አልነበረም። ይህን ሳስብ አለቅሳለሁ። ሩቅ አገር የቆየ ዘመድ ዓመታት ዘግይቶም ቢሆን ለቅሶ ይደርስ የለ? እኔንም እንደዚያ ቁጠሪኝ።

እስከ ዛሬ በጻፍኩልሽ ደብዳቤ ሁሉ ላይ "የበኩር ልጅሽ" ብዬ ነው የፈረምኩት። አሁን ተራዬን አላውቀውም። ስለዚህ ዛሬ ልጅሽ ብቻ ብያለሁ፤ ስንተኛሽ እንደሆንኩ አንቺ ንገሪኝ።

ልጅሽ
አመተሥላሴ