ከዚህ በላይ አይጎተትም

ሐሙስ ከሰዓት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ
ፎቶ ቤቱ ውስጥ

ለእታለሜ፣

እንዴት ነሽልኝ? ሥራው እንዴት ይዞሻል? ብርዱስ? ደብዳቤ "እኛ ደህና ነን" ተብሎ ነው የሚጀመረው፤ እኔም እንደዚያ ልጀምር ነበር። ግን ደህና አይደለንም። ሌላ መጀመሪያ እስካገኝ ወረቀቱን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ።

አባባ ከመጋረጃው ጀርባ ወንበሩ ላይ ጋደም ብሏል። "እንዳትነግሪያት" ብሎኛል፣ እኔም "እሺ" ብያለሁ። ስለዚህ እየነገርኩሽ አይደለም፣ እየጻፍኩልሽ ነው። ብደውልልሽማ ታውቂኛለሽ፤ "ሄሎ" ካልኩ በኋላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ እቀራለሁ፣ አንቺም "አይጢቱ፣ ዛሬም ጉድጓድሽ ገባሽ?" ብለሽ ትስቂና እኔም አብሬሽ ስቄ እዘጋዋለሁ።

ባለፈው የላክሽልኝን መልእክት አላነበብኩለትም። "አባባን ንገሪው፣ በፎቶ ቤቱ የኢንተርኔት ገጽ ላይ የሚለጥፋቸውን ቤቶች አየኋቸው። ግድግዳው ወይን ጠጅ፣ ሰማዩ ቀለም የተደፋበት። የከረሜላ ወረቀት አስመሰላቸው እኮ፣ ሰው እየሳቀበት ነው" ብለሽ ነበር። ልክ ነሽ። እየሳቁበት ነው።

እንዴት እንዳስተማረን ትዝ ይልሻል? ክፍሉ ጨለማ፣ መስኮቱ ብርሃን ሲሆን ካሜራው ሁለቱን ባንዴ አይችልም። ክፍሉን ካሳየ መስኮቱ ነጭ ጨርቅ ይሆናል፣ መስኮቱን ካሳየ ክፍሉ ከሰል። ስለዚህ ካሜራውን መቆሚያው ላይ አስረን ያንኑ ቦታ ሦስት ጊዜ እናነሳለን፤ አንዱን ጨለም፣ አንዱን መካከለኛ፣ አንዱን ፈካ አድርገን። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሦስቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ደንበኞቹ ኤችዲአር ይሉታል። አባባ ግን "ማስታረቅ" ነበር የሚለው። "ኑ፣ ይሄን ሳሎን ከመስኮቱ ጋር አስታርቁልኝ" ይለን ነበር።

ካስታረቅን በኋላ በማውሱ የምትጎተት ምልክት አለች። ወደ ቀኝ በሄደች ቁጥር ጥላው ይነሳል፣ ቀለሙ ይጮሃል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ጭረት ሁሉ ይቆጠራል። እሷ ላይ እጃችን ሲረዝም አባባ ቸብ ያደርገን ነበር። "ተዪው! ጥላ ቆሻሻ ነው እንዴ የሚጠረገው? ማዕዘኑ ጨለም ይበል። ቤት ማዕዘን ከሌለው ሰው የት ሄዶ ያለቅሳል?" አንቺ ትንሽ መጨመር ትወጂ ነበር፣ እኔ መቀነስ። ስንጨቃጨቅ "ይሄ እንደ ጨው ነው፣ የሁሉም ምላስ ለየብቻው ነው። ግን ጨው ብቻ የሚበላ ምላስ አላየሁም" ይለናል።

ያንን ሲል የነበረው ሰው ነው እንግዲህ የከረሜላ ወረቀት የሚሠራው። እኔም እንዳንቺ ጣዕሙ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ደላላው መጣ፤ የሚሸጡ ቤቶችን የምናነሳለት፣ ሲስቅ ትከሻው የሚዘልለው። ሁለት ጓደኞቹን አስከትሏል።

"ጋሼ፣ ይሄን ቤት ላሳይ ገዢ ይዤ ሄድኩ። ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ 'ፎቶው ላይ ያለው ቤት የታለ?' አለኝ።"

"እና ምን አልከው?"

"ምን ልበለው? 'ትንሽ እንጠብቅ፣ ይመጣል' አልኩት።"

ጓደኞቹ ተንከተከቱ። እኔ መጋረጃው ጋ ቆሜ ጠርዙን እያፍተለተልኩ ነበር።

"ነጭ ግድግዳ እኮ ነው፣ ጋሼ! የሰርግ ድንኳን አስመሰሉት።"

"አንተ ዓይን የለህም" አለው አባባ። "ፎቶ የት ታውቅና ነው!"

"ዓይንስ አለኝ፤ እሱ ነው የተቃጠለው።"

እነሱ ከሄዱ በኋላ አባባ ኮፍያውን አደረገ። ምሳ ሊበላ ሲወጣ የሚቀጥለውን ቤት ከፈትኩና ምልክቷን ወደ ግራ መለስኳት፤ እሱ ራሱ እንዳስተማረን፣ እጅ መጨመር ሲያምረው አቆምኩ። ግድግዳው ነጭ ሆነ፣ ሶፋው ጥላ ውስጥ ቁጭ አለ፣ መስኮቱ ላይ ዛፉ ታየ። አባባ ተመልሶ ሲመጣ "ይሄን እየው" አልኩት። ስክሪኑ ላይ አጎነበሰ። ራሱን ግራ ቀኝ እያደረገ ብዙ ፈለገ።

"ይሄ ክፍል መብራት የለውም እንዴ?" አለኝ። "ዕቃስ አላስገቡበትም?"

ሶፋው አፍንጫው ሥር ነበር፣ እታለም።

በዚያው ሳምንት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እየሳቀች መጣች። "አባትሽ እኮ ቀልደኛ ሆነዋል! ዛሬ ጠዋት ኮፍያቸውን አንስተው አሻንጉሊቴን 'እንደምን አደርሽ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?' አሏት።" በሯ ላይ ልብስ የምታለብሳትን፣ ራስ የሌላትን አሻንጉሊት ማለቷ ነው። እኔም ሳቅኩላት። ከዚያ ጓዳ ገብቼ የፎቶ ወረቀቱን ካርቶን ተደግፌ ቆምኩ።

ለምኜ ለምኜ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ የዓይን ግፊት ነው አለች፣ ነርቩን ከዳር እየበላው መጥቷል። የሄደው አይመለስም። ያዘዘችለት ጠብታ የቀረውን ለማቆየት ነው፣ እሱንም ከቻለ። "ዘግይታችኋል" አለች እኔን እያየች። "ይሄ የዓመታት ነገር ነው።"

የዓመታት ስትል እማዬ ትዝ አለችኝ።

መስኮቱ ጋ ወንበር አውጡልኝ ብላ፣ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ የተነሳችውን ፎቶ ማለቴ ነው፣ የመጨረሻዋን። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲነሳ መሃል ላይ ስላሳላት አንዱ ጉንጯ ድርብ ሆኖ የወጣበትን። የቀብሯ ማግስት አባባ አሳጥቦ ሰቀለው፣ አንቺም በሩ ላይ ቆመሽ አየሽው። ግንባሯ ላይ ያለው ሥር፣ የዓይኗ ቢጫ፣ የከንፈሯ ስንጥቅ፣ በሽታው በሙሉ ተጎትቶ ወጥቶ ነበር። "ምነው በጥላዋ ብትተዋት! እናቴን ቆዳዋን ገፈህ ሰቀልካት!" አልሽው። እሱ ዓይኑን ወለሉ ላይ ጣለ። ያፈረ መሰለሽ። እኔም መስሎኝ ነበር። ከዚያ ሄድሽ፣ እሱን ሳትሰናበቺው።

ከሐኪም ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሳልጠይቀው፣ እንዲህ አለኝ፦ "ያን ቀን እናትሽ መስኮቱ ጋ ስትቀመጥ ፊቷ አልታየኝም። ብርሃኑ በላብኝ። በኋላ ፎቶው ላይ እስካገኛት ጎተትኩ። ሳገኛት አቆምኩ።"

"ለምን ለእታለም አልነገርካትም?"

"ምን ብዬ?"

"እንዲህ ብለህ።"

"ተዪ እባክሽ። ፎቶ አንሺ ጣዕም የለውም ቢባል ይኖራል። ዓይን የለውም ከተባለ ግን ምን ይባላል? እሷም አዝናልኝ እንድትመጣ አልፈልግም። ናፍቃኝ እንጂ... ናፍቄያት እንጂ።" ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፣ የሚያይ ይመስል።

አሁን ቤቶቹን የማነሳው እኔ ነኝ። እሱ ካሜራውን ያስራል፣ በእጁ ዳብሶ ያውቀዋል፣ እኔ አያለሁ። እሱ ኮምፒውተሩ ላይ ይጎትታል፣ እኔ ሲወጣ እመልሳለሁ። ባለፈው ደላላው "ጋሼ፣ አሁን ወደ ልብዎ ተመለሱ! ይኼ ነው ፎቶ" ሲለው አባባ ደረቱን ነፋ አድርጎ "አልነገርኩህም? ዓይን ሲኖርህ ታየዋለህ" አለው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። የጠቀሰኝ ግን እኔ ከቆምኩበት በሌላ በኩል ነበር።

ከትናንት ወዲያ ካሜራውን መስኮቱ ፊት አስሮ "ነይ ተቀመጪ" አለኝ። ፎቶ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። የጉርድ ፎቶ ስነሳ እንኳ ነው ላብ የሚያጠምቀኝ።

"እኔ? ለምን?"

"የእህትሽ መልክ እዚህ አለ" ብሎ ግንባሩን ነካ። "ትልቅ ሆና ነው የሄደችው። አንቺ ግን ልጅ ነበርሽ። ሁልጊዜ አንገትሽን ደፍተሽ ነው የምትሄጂው፣ ቀና በይ ብልሽ እሺ አትዪም። አሁን ምን እንደምትመስዪ አላውቅም።"

አባባ አያውቀኝም ማለት ነው። በየቀኑ አብሬው እየዋልኩ።

የእማዬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። "እንዳትነቃነቂ። በመሃል የተነቃነቀ ድርብ ሆኖ ይወጣል" አለኝ። አንዱን አነሳ፣ ሁለተኛውን አነሳ። ሦስተኛው ላይ ዓይኔ ሞላ፣ ግን አልነቃነቅሁም።

ኮምፒውተሩ ጋ ተቀመጠና እጁን ማውሱ ላይ አደረግኩለት። መጎተት ጀመረ። ጸጉሬ ሰማያዊ ሆነ። ጉንጬ ላይ ያለው ብጉር አንድ በአንድ ወጣ። ከጀርባዬ መስኮቱ ተቀጣጠለ፣ ጭንቅላቴ ዙሪያ ነጭ ክብ ዞረ። ሰው ቢያየው መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ እል ነበር። "ገና ነው" ይላል። ይጎትታል። "ገና ነው... ትንሽ..." በኋላ እጁ እየገፋ፣ ምልክቷ አልሄድ አለች።

"ለምን ቆመ?"

"ከዚህ በላይ አይጎተትም፣ አባባ። መጨረሻው ነው።"

አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ቀረበ። ትንፋሹ መስታወቱን አጨለመው፣ በእጅጌዬ ጠረግኩለት። ብዙ ቆየ። ከዚያ በጣቱ አንድ ቦታ ነካ።

"ቅንድብሽ የእናትሽ ነው" አለ።

ቅንድቤን ብቻ ነው ያገኘው።

ፎቶውን አልቀነስኩትም። እንዳለ አሳጥቤ እማዬ ጎን ሰቀልኩት። ደላላው ዛሬ ጠዋት አይቶት "ይቺ ደግሞ ማናት፣ ቀለም በርሜል ውስጥ የወደቀችው?" አለ። "እኔ ነኝ" አልኩት፣ ድምፄን አውጥቼ። ትከሻው መዝለሉን አቆመ።

አንዱን ቅጂ እዚህ ውስጥ አድርጌልሻለሁ። በስልክ ብልክልሽ በጣትሽ ገፋ አድርገሽ ታልፊዋለሽ ብዬ ነው። እባክሽ አትሳቂ። ስትስቂም ደግሞ አስቢበት፤ ያ ሁሉ ተጎትቶ ነው አንድ ቅንድብ የታየው።

እታለም፣ ነይ። ከሥራሽ እንደማይለቁሽ አውቃለሁ፣ ግን ለምኛቸው፣ ካልሆነም አልቅሽላቸው። በየጠዋቱ በሩ ላይ ቆሜ ሳልናገር እጄን አወዛውዝለታለሁ፤ ካየኝ ይስቃል። ሰኞ አልሳቀም። ማክሰኞ ሳቀ። ትናንት አልሳቀም። ዛሬ አላወዛወዝኩም፤ ፈራሁ። ለማን ልንገር? እኔ እንደሆንኩ ብቻዬን ነኝ፣ በዚህ ላይ መናገር አልችልም። መጥተሽ እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ እስከፈለገው ይጎትትሽ። ከረሜላም ያድርግሽ፣ ቀለም በርሜል ውስጥም ይክተትሽ፣ አንቺ ግን ምንም አትበይው። እኔ ማውሱን አቀብለዋለሁ።

ፈጣሪ ያለሽበትን ያድምቅልሽ፣ እግርሽን ከእንቅፋት ይጠብቅልኝ፣ መንገድሽን ወደዚህ ያድርገው።

ታናሽሽ፣
አይጢቱ

ይህን ከጨረስኩ በኋላ አባባ ነቃ። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ "እስክሪብቶ ይሰማኛል፤ ለማን ነው የምትጽፊው?" አለኝ። "ለማንም" አልኩት። ወንበሩ ላይ ቀና አለና "ለማንም ሰላም በይልኝ" አለ። "ስትመጣም ጠቆር ያለ ነገር አትልበስ በያት።"